ሠሪው ይቁም

እኛ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ፕሮፔለር የሠራ ሰው፣ ፕሮፔለሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ላይ ታስሮ ሲሽከረከር ከጎኑ ይቆማል። ከኋላው አይደለም፣ ከፊቱም አይደለም፤ ልክ በጎኑ፣ ከፕሮፔለሩ ክንዶች አንዱ ቢሰበር ስባሪው ቀጥ ብሎ በሚመጣበት መስመር ላይ። ሲሚንቶው ላይ በቀይ ቀለም የተቀባ ቦታ አለ፣ ሁለት ጫማ የሚያስቆም፤ ቀለሙ በእግር ብዛት አልቋል። አባዬ ይህን ሕግ ከማን እንደወረሰው አላውቅም። «ሠሪው ይቁም» ይላል፣ አለቀ፣ ደቀቀ። እኔ ራሴ ያልቆምኩለትን ነገር ሰው ጀርባ ላይ አላስርም ነው ነገሩ።

ሲሰሙት ደስ ይላል አይደል? እኔንም ልጅ ሳለሁ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ እዚያ ቀይ ቦታ ላይ እጁን አጣምሮ ሲቆም፣ ነፋሱ ንጹሕ ሸሚዙን ሲያራግበው፣ ከእሱ በላይ ጀግና ያለ አይመስለኝም ነበር። ኋላ ተምሬ ሂሳቡን ሳውቀው ደሜ ፈላ። ሙሉ ጋዝ የተሰጠው ፕሮፔለር ጫፉ የሚሮጠው ድምፅ ራሱ ከሚሮጥበት ብዙም ባልራቀ ፍጥነት ነው። ከዚያ ላይ የተገነጠለ እንጨት «ይቅርታ፣ አንዴ ያሳልፉኝ» አይልም። ካላመናችሁ አጎቴን ጠይቁት።

አጎቴ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ የሞተሩ ሰው እሱ ነው። የግራ ጆሮው ግማሹ የለም። በወጣትነቱ አንድ ፕሮፔለር ጠርቦ ቆመለት፤ ፕሮፔለሩ ግን አልቆመለትም። «ጆሮዬን ለሙያው ሰጠሁ» እያለ ይኮራል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ስባሪው አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ የሚስቅም የሚያስቅም አልነበረም። ይህን ስናገር ጨዋታ አበላሽ ተብዬ እርፍ።

የምንሠራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው ሞተር በጀርባው ተሸክሞ፣ ከላዩ የጨርቅ ክንፍ ዘርግቶ የሚበርበት ነገር አለ። ጎማ የለው፣ ወንበር የለው፤ ሮጠህ ትነሣለህ፣ ሮጠህ ታርፋለህ። ከጀርባህ የሚገፋህ ያ ፕሮፔለር ብቻ ነው። የእኛን የሚበረው ታናሽ ወንድሜ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፣ ወፌ ነው የምንለው፤ ልጅ ሆኖ ለመቆም ዘግይቶ «ወፌ ቆመች» ሲባልለት ከረመና ስሙ ሆኖ ቀረ። አሁን የደን ጥበቃ ሰዎች እሳት ከላይ ሆኖ የሚያይላቸው ሰው ፈልገው፣ ወፌ ደኑን ከዳር እስከ ዳር እየበረረ እንዲያሳያቸው ቀን ቆርጠዋል። ደኑ ላይ ማረፊያ የለም። ዛፍ ነው፣ ከዚያ ሌላ ዛፍ ነው።

ወፌ ደግሞ በርሮ ሲወርድ እጁ ይደነዝዛል። ሻይ ስሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፣ ያም ሆኖ ይደፋበታል። ፕሮፔለሩ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ይህንን አባዬ ፊት ማን ይናገር? አባዬ «ሞተሩ ነው» ይላል። አጎቴ «ሞተሬን ተወው፣ ነፋሱ ነው» ይላል። አባዬ በሞተሩ ሲያሳብብ፣ አጎቴ በነፋሱ ሲያሳብብ ዓመታት ሄዱ፤ ነፋሱ እንደሆነ መልስ አይሰጥ።

እኔ የምሠራው ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፣ ካልሸፈንኩት የእንጨቱ ዱቄት ይውጠዋል። አባዬ ኮምፒውተር እንዲገባ የፈቀደው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቲቱን ሥዬ በኮምፒውተር ለሚታዘዘው መቁረጫ ማሽን እንድሰጥለትና ማሽኑ እሷን ቶሎ ቶሎ እንዲያባዛለት።

እናቲቱ ማለት ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው አሮጌ ፕሮፔለር ናት። አባዬ በወጣትነቱ የጠረባት የመጀመሪያዋ ናት፤ ከእሷ በኋላ የተሠሩት በሙሉ ከእሷ የተለኩ ናቸው። ከጎኗ በሚስማር የተንጠለጠሉ የቆርቆሮ ልኮች አሉ፤ ስትጠርብ ክንዱ ላይ በየቦታው እያስጠጋህ ቅርጹ መግጠሙን የምታይባቸው። የቀኝ ክንድ ልኮች በቀኝ ሚስማር፣ የግራ ክንድ ልኮች በግራ ሚስማር። ያቀላቀለ ወዮለት! ልጅ ሆነን ለጨዋታ አንዷን ከሌላዋ ጋር ስንሰቅል አባዬ እጃችንን በማስመሪያ ያቀምሰን ነበር።

እናቲቱን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሥቼ፣ ከፎቶው ለክቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳስገባት አንድ ነገር አየሁ። አንደኛውን ክንድ በሌላኛው ላይ አስተኛሁት። አልገጠመም። ደግሜ ለካሁ፣ አልገጠመም። የመስኮቱ ፀሐይ ስንት ዓመት ሙሉ የሚያርፈው በቀኟ ክንድ ላይ ነው፤ ግራዋ ጥላ ውስጥ ነች። ቀኟ ደርቃ ተጠማዝዛለች። ቆርቆሮዎቹ ደግሞ ባረጁ ቁጥር ከእሷው ላይ እንደገና ስለሚቆረጡ እሷ በተጠማዘዘች ቁጥር አብረው ይጠማዘዛሉ። ልኩ ከእሷ ተወስዶ እሷን ይለካል፣ ሁልጊዜም ይገጥማል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አባዬን ጠራሁት።

«አባዬ፣ ለምንድነው ሁለት ዓይነት ልክ ያለን?»

«ሁለት ክንድ ስላላት ነዋ!»

«ሁለቱ ክንዶች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው እኮ።»

«አንድ ዓይነት ናቸው።»

«አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ ልክ አይበቃንም?»

ስክሪኑን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። ከዚያ «ኮምፒውተርሽ ሸውራራ ነው» ብሎኝ ወጣ። እናቲቱን እንዳለች እንድሥላት ደግሞ ከበሩ ማዶ ሆኖ ጮኸ።

እንቢ አሻፈረኝ! የተጣመመ ነገር በኮምፒውተር ብሥለው አይቃናም፣ በትክክል የተጣመመ ነው የሚሆነው። ማሽኑ ደግሞ ሳይሰለች ያንኑ ጥመት ያባዛዋል። ወንድሜ በዚያ ነገር ተገፍቶ ደን ላይ እንዲበር እኔ በእጄ አልሥልም አልኩ። ፋይሉን ዘጋሁና አዲስ ከፈትኩ።

የማያውቅ ሰው ፕሮፔለር ማራገቢያ ይመስለዋል። የሚሽከረከር ክንፍ ነው። ክንዱን ከእምብርቱ፣ ሞተሩ ላይ ከሚታሰርበት መሃሉ፣ እስከ ጫፉ እንደ ዳቦ ብትቆርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ አለው፤ ፊቱ ደብለል ያለ፣ ጀርባው የሳሳ። ጣጣው ምንድነው፣ በአንድ ዙር ጫፉ ላይ ያለው ቁራጭ ብዙ መንገድ ሲሮጥ እምብርቱ አጠገብ ያለው እዚያው ይንፏቀቃል። ስለዚህ እምብርቱ አጠገብ ያለው ቀና ማለት አለበት፣ ጫፉ ደግሞ ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ መሃል ያሉት ቀስ በቀስ እየተጠማዘዙ ያገናኟቸዋል። ያ ጥምዝ ከተሳተ የክንዱ ግማሽ አየር ሲገፋ ሌላው ግማሽ አየር ሲያተራምስ ይውላል። ሁለቱ ክንዶች ደግሞ የየራሳቸውን ጥምዝ ከሳቱ መንቀጥቀጥ ነው፣ ከዚያ የወፌ እጅ ነው።

ከአጎቴ ሞተር ጀመርኩ፤ ጉልበቱ ስንት ነው፣ በስንት ዙር ነው ደስ የሚለው። ከዚያ ወፌ፤ ክብደቱ፣ የሚበርበት ፍጥነት። ሶፍትዌሩ ውስጥ ቁራጮቹን በየቦታቸው ደረደርኩ፣ እያንዳንዱን በራሱ ማዕዘን አዞርኩ፣ ከዚያ ከላይ ቆዳ አለበስኳቸው። ቆዳው ተጨማደደ። አስተካከልኩት፣ በሌላ በኩል ተጨማደደ። ክንዱ ከእምብርቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይማ ሶፍትዌሩ ቀይ ጽሑፍ እያወጣ ድርቅ አለ። «እኔም ደረቅ ነኝ፣ እንተያያለን» አልኩት። አዎ፣ ከኮምፒውተር ጋር አወራለሁ፣ ምን ይጠበስ? ቅርጹን ጥቁርና ነጭ መስመር የሚያለብስ መመርመሪያ አለው፤ መስመሮቹ ሳይሰበሩ ከፈሰሱ ገጽታው ልስልስ ነው። በመጨረሻ ከእምብርት እስከ ጫፍ ሲፈስሱ ሳይ ወንበሬ ላይ ሆኜ እልል አልኩ።

አጎቴ እልልታውን ሰምቶ መጣ። ስክሪኑን አጎንብሶ አየ።

«አንዷን ክንድ ጨርሰሻል። ሌላዋን በመስታወት ገልብጫት፣ በቃ።»

«ጋሼ፣ በመስታወት ከገለበጥኳት አንዷ ወደፊት ስትገፋ ሌላዋ ወደኋላ ትጎትታለች። ወፌ ሞተሩን ተሸክሞ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ይውላል እንጂ አይነሣም።»

«ታዲያ እንዴት ልታደርጊ ነው?»

«እምብርቱን ይዤ በግማሽ ዙር አዞራታለሁ። ሁለተኛዋ ሌላ ክንድ አይደለችም ጋሼ፣ ራሷው ናት። ለዚህች አንድ ልክ ነው የሚበቃት።»

የቀረችውን ግማሽ ጆሮውን አከክ አከክ አደረገና «ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለኝ።

የመጀመሪያዋ ገና ማሽኑ ላይ ሳለች ጠርዟ ተፈረካከሰ። ከልክ በላይ አሳስቼ ሥያት ነበር። ስክሪን ላይ ምንም ነገር አይሰበርም፣ ችግሩ እሱ ነው። ስባሪዋን ሳይ ደግሞ፣ ተደራርበው በኮላ ከተጣበቁት ጣውላዎች መሃል አንዱ ውስጥ ጉጥ ተደብቆ አገኘሁ፤ ከውጭ ቢያዩት ቢያዩት የማይታይ። ያን ጉጥ አልረሳሁትም። ጠርዙን አወፈርኩ፣ ጣውላ መረጥኩ፣ እንደገና አስቆረጥኩ። ሁለተኛዋ ደህና ወጣች። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳት፣ ቫርኒሽ ቀባኋት፣ እምብርቷ ውስጥ ዘንግ አስገብቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። የአባዬ ፕሮፔለሮች ሚዛን ላይ ሲቀመጡ አንዱ ክንድ ዘጭ ይላል፤ ከዚያ በቀለለው ክንድ ላይ ቫርኒሽ ሲደራረብ ይዋላል። የእኔዋ ባስቀመጥኳት ቆመች። ገፋ አደረግኳት፣ እዚያም ቆመች።

ይዣት ወጣሁና አባዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። አባዬ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ አነሣት፣ አገላበጣት፣ በአውራ ጣቱ ጠርዟን ዳሰሰ። ሳያስበው ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ትዝ አለውና ኮስተር አለ።

«እናቲቱን አትመስልም።»

«እሰይ!» አልኩ።

«ማን ጠረባት?»

«እኔ ሣልኳት፣ ማሽኑ ቆረጣት፣ እኔ አለሰለስኳት።»

«ማሽኑ ከቆረጣት ማሽኑ ይቁምላታ!»

አጎቴ በሳቅ ፍርስ አለ። አባዬ ግን አልሳቀም። ትክ ብሎ አየኝና «ወይስ አንቺ ትቆሚያለሽ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ወፌን ሳይቀር፣ ሞረድና መላጊያ ለይቶ የማያውቀውን ወፌን፣ «አንድ ቀን አንተም ትቆማለህ» ብሎታል። እኔን ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ጠየቀኝ፣ ያውም አጎቴ ፊት። ቀይ ቦታው እዚያ ማዶ ይታየኛል። ሄጄ ብቆምበት ሠሪ ነኝ።

«አልቆምም» አልኩት።

«ፈራሽ?»

«አዎ ፈራሁ! የማይፈራው ነው ጅሉ! እኔም አልቆምም፣ አንተም አትቆምም፣ ከእንግዲህ እዚያ ቦታ ላይ የሰው ልጅ አይቆምም!»

«ያልተቆመለት ፕሮፔለር ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«እሱንም እናያለን።»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጉድ ፈላ። አጎቴ «ወይዘሪት አልቆምም» የሚል ስም አወጣልኝ። ሳልፍ «መንገድ ልቀቁ፣ እንዳትሰባበር» ይላል። እማዬ እንኳ ብርጭቆ እያጠበች «አንዴ ቆም ብትይለት ምናለበት? ሽማግሌ ነው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ባልሽን እኮ ነው ከዚያ ማውጣት የፈለግኩት!»

«እሱ ማንን ሰምቶ ያውቃል?» አለችና ማጠቧን ቀጠለች።

እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። ጆንያ በአሸዋ እየሞላሁ ከመሞከሪያው ሞተር ማዶ ትከሻዬ እስኪደርስ ግድግዳ ከመርኩ። የማስነሻውንም የጋዙንም የማጥፊያውንም ሽቦ አስረዝሜ ከጆንያዎቹ ጀርባ አመጣሁት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። አጎቴ ጆንያውን በእግሩ ነካ እያደረገ «ጦርነት አለ እንዴ?» አለኝ። «አለ እንጂ፣ ገና መጀመሩ ነው» አልኩት።

አባዬ ደግሞ እልህ ተጋባና የእናቲቱን ልጅ፣ ራሱ የጠረባትን አዲሷን፣ ወፌ ሞተር ላይ አሰራት። ቆሞላት ነበር፣ እኔ ጆንያ ስሞላ። ደኑ የሚበረርበት ቀን ደርሶ ነገ ሊሆን፣ ወፌ ለሙከራ ሜዳውን ዞሮ ወረደ። ወርክሾፑ ገብቶ ተቀመጠ። እማዬ የላከችለትን ሻይ ሰጠሁት። ብርጭቆው ከእጁ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ተሰባበረ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ደህና ነኝ እትዬ፣ ሙቆኝ ነው።»

«እጅህን!»

ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ጨበጥኳቸው፣ መልሰው አልጨበጡኝም።

«ነገ ደኑ ላይ ሳለህ የክንፉን ገመድ ብትለቀው የት ነው የምታርፈው? ንገረኛ! የት ነው የምታርፈው?»

ወፌ አባዬን አየው። አባዬ ስባሪ ብርጭቆውን አየ። «ሞተሩ ነው» አለ፣ ድምፁ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። አጎቴም «ነፋሱ ነው» ለማለት አፉን ከፈተና የወፌን ጣት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ተነሣሁ። ወደ ግድግዳው ሄድኩ፣ ከቀኙ ሚስማር አንዷን ቆርቆሮ አወረድኩ። አባዬ ምን ላደርግ እንደሆነ ገባውና «አንቺ! አስቀምጪ!» ብሎ ጮኸ። የቀኙን ልክ በእናቲቱ ግራ ክንድ ላይ አስጠጋሁት። አልገጠመም። በቆርቆሮውና በእንጨቱ መሃል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ቀረ፣ የመስኮቱ ብርሃን በክፍተቱ አልፎ እጄ ላይ አረፈ።

አባዬ አጠገቤ ደርሶ እጁን አነሣ። እኔ እጄን አላነሣሁም።

«ምታኝ» አልኩት። «ክፍተቱ ግን እዚሁ ነው ያለው።»

እጁ አየር ላይ ቆየ። ዓይኑ ክፍተቱ ላይ ነበር። ያን እንጨት በወጣትነቱ እንዴት እንደጠረበው እኔ አላየሁም፣ ግን ያኔ ትክክል እንደነበረች አምናለሁ፤ ይህንንም ነገርኩት። «አንተ አላጣመምካትም አባዬ፣ ፀሐይዋ ናት» አልኩት። እጁን አወረደ። ኮቱን ሳያነሣ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት እኔ የራሴን ፕሮፔለር መሞከሪያው ሞተር ላይ አሰርኩ። ማንም አልፈቀደልኝም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ቡሎኖቹን አጥብቄ ስጨርስ ወፌና አጎቴ ከጆንያዎቹ ጀርባ ገቡ፤ አጎቴ «እዚህ ሻይ የለም እንዴ?» እያለ ነው የገባው። ያኔ አባዬ በበሩ መጣ። ንጹሑን ሸሚዙን ለብሷል፣ ለመቆም ሲሆን የሚለብሰውን። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄደና ቀይ ቦታው ላይ ቆመ። እጁን አጣመረ።

«አስነሺው» አለ።

ለእኔ ፕሮፔለር ነው የቆመው። እኔ ለሣልኩት፣ እናቲቱን ለማይመስለው። ከዚህ የበለጠ «ጎበዝ» የሚል ቃል ያ ሰውዬ አያውቅም። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

«ውጣ ከዚያ» አልኩት።

«ሠሪው ይቆማል። ሠሪዋ ካልቆመች አባቷ ይቆማል። አስነሺው፣ ልጁ ሊበር ነው።»

«አላስነሣም።»

«በሥራሽ አትተማመኚም?»

«በሂሳቤ እተማመናለሁ! ጥምዙንም፣ ማዕዘኑንም፣ ሁሉንም ፈትሼዋለሁ። በጣውላ ግን አልተማመንም። ጣውላ ውስጥ የማላየው ጉጥ አለ። ፕሮፔለሩ ቢሰበር ሌላ እቆርጣለሁ፣ ሞተሩ ቢፈነዳ ጋሼ ሌላ ይገጥማል። አንተን ከየት ነው የማመጣው? ላንተ መለዋወጫ የለኝም አባዬ! ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው፤ እስከ ማታ ብትቆም እስከ ማታ አላስነሣም። ከፈለግክ ሸሚዝህን ቀይርና ነገም ቁም!»

አጎቴ መሳቁን ትቶ ጆሮውን ይዟል። አባዬ ከእግሩ ሥር ያለውን ያለቀ ቀይ ቀለም ሲያይ ቆየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ሲያየኝ አይቼው አላውቅም።

«ስንት ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ» አለ። «እናትሽም እያየች፣ ይሄም ጆሮው እየደማ። አንድ ሰው ‹ውጣ› ብሎኝ አያውቅም።»

«እኔ አልኩህ» አልኩት። «ውጣ።»

ወጣ። በዝግታ፣ እጁን ፈትቶ፣ ጆንያዎቹን ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ተጠጋ። ቦታው ጠባብ ነበር፣ ትከሻው ትከሻዬን ነካው። ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሩ ተነሣ። ጋዝ ሰጠሁት፣ ጨመርኩ፣ ሙሉውን ሰጠሁት። ያ የለመድነው መንገጫገጭ፣ መስኮቱን የሚያንኳኳው፣ የመፍቻ ሣጥኑን የሚያስጨፍረው፣ አልመጣም። ወፍራም ወጥ ድምፅ ብቻ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ የወርክሾፑን ዱቄት በሙሉ ጠራርጎ በበሩ ይዞት ወጣ። ሞተሩ የታሰረበት ብረት ጀርባ ላይ ወፌ አስቀድሞ በውሃ የተሞላ ብርጭቆ አስቀምጦ ነበር። ውሃው ላዩ ላይ ተርገበገበ እንጂ ጠብ አላለም። አዎ፣ ኮራሁ! ሰው አይኮራም ያለው ማነው? አጎቴ በጩኸቱ መሃል ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ነፋሱ አልነበረም ማለት ነው» አለ።

አጠፋሁት። ፕሮፔለሩ ቀስ እያለ ቆመ። ጸጥ አለ።

አባዬ ከጆንያዎቹ ጀርባ ወጥቶ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «ወፌ፣ የኔዋን ፍታት» አለ። «ይቺን እሰራት። ቡሎኑን እህትህ ታጥብቀው።» ወፌ መፍቻ ለማምጣት ሮጠ።

እኔ ሽቦውን ስጠቀልል አባዬ ከአሸዋው ግድግዳ ላይ አንድ ጆንያ አውርዶ እየጎተተ ወሰደ። ልርዳህ ስለው በእጁ ተዪኝ አለኝ። ቀይ ቦታው ድረስ ጎትቶ፣ አቁሞ፣ እንዳይወድቅ በእግሩ ጠቀጠቀው። የሸሚዙን አሸዋ አራገፈ።

«ይኸው፣ እሱ ይቁም» አለ። «ጆሮ የለው።»